አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ

ግንቦት 4

ለጋሼ፣ ለእናቴ ወንድምና ለአሳዳጊዬ፤

ሰላምታዬ እጅግ ብዙ ነው። ግማሹን ለባለቤትህ ለእትዬ ስጥልኝ፣ ሩቡን ለድመቷ፣ የቀረውን አንተ ውሰደው። እኔ ደህና ነኝ። ትንሽም ወፍሬአለሁ፤ እትዬ ካላመነች ቀበቶዬን በፖስታ ልኬላት ትመርምረው።

«አደብ ገዝተሃል ወይ?» ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ መልሴ «አዎ፣ በዱቤ» ነው። እዚህ ሒሳብ ሠሪዋ ቢሮ ተላላኪ ሆኜ ከገባሁ ወዲህ ያጠፋሁት ነገር ቢኖር፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ «በድምፅ ይታዘዛል፤ ጮክ ብለው ይናገሩ» የሚል ወረቀት መለጠፌ ብቻ ነው። አንድ ባለጉዳይ ከረቫቱን አስተካክሎ «ሁለት ቅጂ፣ በሁለት በኩል!» ብሎ አምባረቀበት። አለቃዬ ልትቆጣኝ ከቢሮዋ ወጥታ ሳቋ አመለጣት። ከእናንተ ጋራዥ ሥራ አስኪያጅ ትሻላለች። ያ ሰውዬ የመኪናውን ፍሬን ከጡሩምባው ጋር ስላገናኘሁበት ብቻ ከሥራ አባረረኝ። ፍሬን በረገጠ ቁጥር ከተማው ሙሉ ሙሽራ የመጣ ይመስለው ነበር፤ እኔ ክብር የጨመርኩለት መስሎኝ።

ይህን በስልክ ባወራህ ደስ ባለኝ። ግን የአውቶቡስ ሞተር ጆሮህን ከበላው ወዲህ ስልክ ላይ የምናወራው እኔና ጎረቤቶችህ ነን። ስለዚህ እንጻጻፍ፤ ፊደሌንም አሳድግበታለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገርህ። «ሰኔ ሠላሳ ጡረታ እወጣለሁ፤ ፕሮቪደንት ፈንዴን ምን ላድርገው?» ብለሃል። ዕድሜህን ሙሉ ከደሞዝህ እየቆረጡ፣ መሥሪያ ቤቱም እየጨመረበት ያስቀመጡልህን ማለትህ ነው። አለቃዬን ጠየቅኋት። የሚገርምህ፣ ምን ያድርገው የሚለውን ትታ «መቼ ነው የሚወጡት?» አለችኝ። ስነግራት እስክሪብቶዋን ጣለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጋሼ። የግብሩ ዓመት ሰኔ ሠላሳ ያልቃል። በዚያ ቀን ከወጣህ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ባገኘኸው ደሞዝ ላይ ይደረብና በወረቀት ላይ ሀብታም ትሆናለህ። ግብር ደግሞ ሀብታም ሲያይ እጁ ይረዝማል፤ ሲሶውን ያነሳዋል። ሐምሌ አንድ ከወጣህ ግን ዓመቱ አዲስ ነው፤ በዚያ ዓመት የሠራኸው አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ በወረቀት ላይ ድሃ ነህ። እንኳን ደስ ያለህ። የሚቆረጥብህ የዚያን ግማሽ አይሞላም። የሚታየው ደግሞ ክሊራንስህ የተፈረመበት ቀን ነው።

አንድ ቀን ቆይ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

ግዛ የተባልከውን የሥራ ጓደኛህን የራዲዮን አማች ሚኒባስ በተመለከተ፣ ሞተሯን ከፍተን አብረን አይተናታል። ያቺ መኪና ካንተ በፊት ጡረታ መውጣት ነበረባት።

እትዬ አሁንም ትሰፋለች ወይ? የዕቃ ሣጥንህንስ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ይዘህ ትመጣለህ?

ያሳደግኸው መከራ፣
ፌንጣ


ግንቦት 15

ለፌንጣ፤

ደብዳቤህ ደርሶናል። ድመቷ ድርሻዋን ወስዳለች።

እትዬህ ዛሬም ትሰፋለች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ክምር አምጥተውላታል። የመርፌው ቀዳዳ አልታይ ስላላት ክሩን የምሰካላት እኔ ነኝ፤ ጋራዥ ስሆን ደግሞ የጎረቤት ልጅ ትጠራለች። ጡረታ በወጣሁ ማግስት ያ የስፌት መኪና ይሸጣል ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። አለቃህ ያለችው እውነት ከሆነ፣ ያ ሲሶ የሚቆረጠው ከእኔ ሳይሆን ከእሷ ዕረፍት እንደሆነ ገብቶኛል። ደንቆሮ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም።

ግን አይሆንም። ራዲዮን፣ ሙሽራውንና እኔን ጋራዡ የቀጠረን በአንድ ቀን ነው። ያን ጊዜ ራዲዮ እንዲህ ወሬ አያሰራጭም ነበር፤ ሙሽራውም ከቱታው ሥር ከረቫት ማሰር አልጀመረም። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደን አብረን ስንፈታ «አብረን ገብተናል፣ አብረን እንወጣለን» ያልኩት እኔ ነኝ። እነሱ አጨበጨቡ። ከዚያ ወዲህ ስንጣላ እንኳ ያን ቃል የነካው የለም።

በጋራዡ ልማድ ደግሞ ዓመቱን ሳይሞላ የሚወጣ፣ ሞልቶም የሚያድር የለም። ሁሉም ሰኔ ሠላሳ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ጉድጓዱ ዙሪያ ቆሞ እያጨበጨበለት ይወጣል። ለራዲዮ ነገሩን በዘዴ ባነሳለት «ለሳንቲም ብዬ እንደ ተረሳ ዣንጥላ ማግስቱን ልለቀም?» አለኝ። ሙሽራው ለዚያ ቀን ሱፍ አሰፍቷል። እኔ ብቻዬን ብቀር «ለገንዘብ ሲል ከዳን» ይላሉ። ቢሉም እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ተወው። የሚያስፈልገኝ የተረፈውን እንዴት እንደማስቀምጠው ነው። አለቃህ የምትለው ነገር ሌብነት እንዳልሆነም ጠይቅልኝ፤ እንዲሁ ለማወቅ ያህል።

የዕቃ ሣጥኔን አዎ፣ ቅዳሜ ቤት ይዤው እመጣለሁ። ለምን እንደጠየቅኸኝ አልገባኝም።

ጋሼህ


ግንቦት 24

ለማይበገረው ጋሼ፤

ሰላምታ እንደ ወትሮው፤ የድመቷን ጨምሬበታለሁ።

ስለ ሌብነቱ ጠየቅኋት። «ሕጉ ራሱ ያስቀመጠውን ቀን መምረጥ ሌብነት ከሆነ፣ ዝናብ እስኪያባራ በረንዳ ላይ መቆምም ሌብነት ነው» አለች። ገቢህን መደበቅ ወንጀል ነው፤ ቀንህን ማወቅ ግን ብልህነት ነው። እኔ ይህን ሰምቼ ግድግዳው ላይ ልጽፈው ስል ቀለሙን ነጠቀችኝ።

ስለ ማስቀመጡ ደግሞ እንዲህ ብላለች፤ እኔ በአንተ ቋንቋ ልተርጉመው። መጀመሪያ ሁለት ዓመት የምትበሉትን ባንክ አስቀምጠው፤ ይህ እጅህ ሥር ያለ ትርፍ ጎማ ነው። ቀጥሎ ከፍ ያለውን እጅ የመንግሥት ቦንድ ግዛበት፤ ቀስ ይላል፣ ግን መንገድ ላይ አይቆምም። የቀረውን በአክሲዮን አድርገው፣ አንድ ኩባንያ ላይ ሳይሆን ብዙዎች ላይ ተበትኖ፣ እሱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ ጥቂት ጥቂት። ካስገባህ በኋላ በየሳምንቱ ከፍተህ አትየው። ደህና የሚሄድ ሞተር በየቀኑ የሚፈታ መካኒክ ምን እንደሚባል አንተ ነህ ያስተማርከኝ፤ እዚህ ልጽፈው አልችልም፣ እትዬ ታነበዋለች። «በስድስት ወር እጥፍ ይሆንልሃል» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ፣ ራዲዮም ቢሆን፣ በሩን ዝጋ።

ይኸው፤ ሁሉን ነገርኩህ። የሐምሌ አንዱን ነገር ትቼዋለሁ። አንድም ቃል አልጨምርም።

እንዲሁ ጋራዡ ናፍቆኝ ልጠይቅህ፤ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው ጋሽ ማኅተም አሁንም እንደዚያው ነው? አንዲት ብሎን ከጎደለች ክሊራንስ አይፈርምም? ካሽየሯስ የዓመቱን ሒሳብ ስትዘጋ አሁንም መስኮቷን ቀድማ ትዘጋለች? ናፍቆኝ ነው፣ ጋሼ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ቅዳሜ መጥቼ አድሬ እመለሳለሁ። እትዬ ብዙ እንዳትደክም፤ ጥቂት ብቻ ትድከም።

ጨዋው የእህትህ ልጅ፣
ፌንጣ


ሰኔ 12

ለጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ የይቅርታ ስለሆነ ቁጭ ብለህ አንብበው።

የሌሊት ሱሪህን ሁለቱንም እግር ጫፉ ላይ የሰፋሁት እኔ ነኝ። እትዬ አታውቅም፤ የስፌት መኪናዋ ላይ ስቀመጥ ልረዳት መስሏት ነበር። አንተ ስትዘል ግድግዳውን ባትይዘው ኖሮ ሳቄን እቆጣጠር ነበር። ጨው ስኳር ዕቃው ውስጥ የገባው ግን በእኔ አይደለም፤ እኔ ያደረግሁት ስኳሩን ጨው ዕቃው ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው፤ ሌላውን ራሳቸው ተስማምተው ነው።

ለምን ቁርስ ሳልበላ እንደወጣሁ ጠይቀሃል። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ነው። ለምን እያነከስኩ እንደሄድኩም ጠይቀሃል። ጫማው አዲስ ነው። የቀኝ እግሩ ብቻ ለምን አዲስ ሆነ ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ ድሃ ሰው ጫማ በየተራ ነው የሚገዛው።

በረንዳው ላይ ለረጅም ጊዜ ምን ትሠራ ነበር ላልከው፣ አየር እየተቀበልኩ ነበር። እዚያ ሣጥንህ መኖሩን እንኳ አላስተዋልኩም። ቀይ ነው መሰለኝ።

ይልቅ እትዬን አየኋት። ክሩን አራት ጊዜ ሞክራ ሲያቅታት ዞር ብላ ማንም አላየኝም ብላ ዓይኗን ጠረገች። ስለዚህ ነገር ቀልድ አልጽፍም።

በሰላም ያገናኘን፤ ቢቻል ሳትቆጣ።
ፌንጣ


ሰኔ 20

ለፌንጣ፤

የአሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻዬ የለችም።

ሣጥኑን ሦስት ጊዜ ደፋሁት። ማኅተም ዘንድ ሄጄ «አንድ ሰው መፍቻ ቢጎድለው እንዴት ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ሰውዬው ማን እንደሆነ አልነገርኩትም። መነጽሩን አወለቀ። መፍቻው ሁሉ የጋራዡ ምልክት ስላለበት ከገበያ ገዝቶ መተካት እንደማይቻል ነገረኝ። ወይ ራሷ ትገኛለች፣ ወይ ዋጋዋ ካሽየር ተከፍሎ ደረሰኝ ይመጣለታል። ካሽየሯ ደግሞ የዓመቱን ሒሳብ ለመዝጋት መስኮቷን ከሰኔ አጋማሽ ጀምራ ዘግታለች፤ የምትከፍተው ሐምሌ አንድ ጠዋት ነው። ያለዚያ ክሊራንስ የለም። «ለወንድሜም አልፈርምም» አለኝ። ወንድሙ ባለፈው ዓመት ወደ ሌላ ጋራዥ ሲዛወር ፕላየር ጎድሎት እንዳልፈረመለት አውቃለሁ።

ማንንም አልወቅስም። አዲሱ ጫማህ እንዴት ነው?

ለራዲዮና ለሙሽራው ገና አልነገርኳቸውም። ራዲዮ የሚያደርገውን ንግግር እየተለማመደ ነው፤ ትናንት ከአውቶቡስ ሥር ሆኖ ሲያለቅስ ሰማሁት፣ ንግግሩ ገና መሃሉ ላይ ነው። ሙሽራው ሱፉን ጋራዥ አምጥቶ በላስቲክ ሰቅሎታል። እነሱን ጉድጓዱ አጠገብ ትቼ እኔ ሣጥን ይዤ ስመለስ ምን ዓይነት ሰው እንደምሆን አስብ።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ መፍቻዋን ላካት።

ጋሼህ


ሰኔ 25

ለተቆጣው ጋሼ፤

ጫማው ለምዶኛል፣ ስለጠየቅኸኝ አመሰግናለሁ።

መፍቻዋን በተመለከተ፣ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ። ሻንጣዬን ስፈትሽ አንዲት አሥራ ሦስት ቁጥር ካልሲዬ ውስጥ ተኝታ አገኘኋት። ናፍቄያት ተከትላኝ ይሆናል። እንደታዘዝኩት ወዲያው ፖስታ ቤት ወሰድኳት፤ በአደራ ነው የላክኋት። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ «ሐምሌ አንድ ይደርሳል፤ ጨምረህ ከከፈልክ ግን ነገ ይደርስልሃል» አለኝ። እኔም «ኧረ ምን አስቸኮላት» አልኩት።

ጋሼ፣ አሁን መቆጣት ትችላለህ፤ ቢቻል ግን ሐምሌ ሁለት ተቆጣ። ለራዲዮና ለሙሽራው «ባለጌ የእህት ልጅ አለኝ» በላቸው። እውነት ስለሆነ አፍህን አይከብደውም። እኔ እንደሆንኩ ስሜ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ከዚህ በታች አይወርድም። አንተ አልከዳሃቸውም፤ መፍቻ ጎደለህ። በእናንተ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ የጎደለው ሰው የታመመ ሰው ያህል ነው፤ ማንም ለምን አይለውም።

እነሱ ሰኔ ሠላሳ፣ አንተ ሐምሌ አንድ። ቃልህን በአንድ ቀን ታሳጥረዋለህ፤ እትዬ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ዓይኗን ታሳርፋለች። እኔ ሒሳቡን እንደዚህ ነው የሠራሁት። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ብዙም አልቆየሁም፣ ታውቃለህ፤ ግን ይሄኛው ትክክል ነው።

የማያፍረው፣
ፌንጣ


ሐምሌ 3

ለጋሼ፤

ሰላምታ በኋላ።

እትዬ ትናንት ከጎረቤት ስልክ ደውላ ነበር። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው፤ ሰኔ ሠላሳ ከሰዓት ጉድጓዱ አጠገብ የጎደለው አንድ መፍቻ ሳይሆን ሦስት ነው፤ ከአንተ አሥራ ሦስት ቁጥር፣ ከራዲዮ አሥራ ሰባት፣ ከሙሽራው አሥር። በማግስቱ ሦስቱም ከእኔ ጥቅል ውስጥ ወጡ። ጋሽ ማኅተም ስሜን በቀይ ጻፈው። ራዲዮ የምሠራበትን ቢሮ አድራሻ እየጠየቀ ነው። ከዚያ እትዬ ስቃ ነው አልቅሳ ነው ሳይለይልኝ መስመሩ ተቋረጠ።

ጋሼ፣ እኔ የወሰድኩት አንድ ነው! የላክሁትም አንድ ነው። ፖስታ ቤቱ መዝኖታል፤ ደረሰኙ እጄ ላይ ነው፤ ሦስት መፍቻ እንደዚያ አይቀልም። የራዲዮን ሣጥን እንኳን ልከፍት፣ ምሳ ሲበላ እላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው። የሙሽራውን ሣጥን የነካ ሰው ሽቶ ሽቶ ይላል።

እኔ ሌባ አይደለሁም፣ ቀልደኛ ነኝ። ልዩነቱን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ «የሚመለስ ከሆነ ቀልድ፣ የማይመለስ ከሆነ ሌብነት» ብለህ፣ ጆሮዬን ይዘህ። ይህ ነገር እዚህ ከተሰማ አለቃዬ አንድ ቀን አታቆየኝም። የሰው ገንዘብ በሚያዝበት ቢሮ እጁ የሚጠረጠር ተላላኪ አይቀመጥም። ሥራውን ደግሞ ወድጄዋለሁ። ይህን ለማንም አትንገርብኝ።

እባክህ ቶሎ ጻፍልኝ። የቀሩትን ሁለቱን ማን ወሰዳቸው? ክሊራንሱስ መቼ ተፈረመ?

ፌንጣ፣ ዛሬ የማይዘለው


ሐምሌ 10

ለፌንጣ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። ድመቷም ደህና ናት፤ ጨው ከበላች ወዲህ አንተን አትወድህም።

ለመጨረሻው ጥያቄህ አስቀድሜ ልመልስ። የሦስታችንም ክሊራንስ የተፈረመው ሐምሌ አንድ ጠዋት ነው። ገንዘቡ ገብቷል። የተቆረጠው አለቃህ ያለችውን ያህል ነው፤ ከዚያ አንዲት ሳንቲም አላለፈም። ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሚኒባሷን ራዲዮ ራሱ ተዋት።

አሁን ወደ መፍቻዎቹ። ያን እሁድ ጠዋት በመስኮት አይቼሃለሁ። አንድ እግርህ ካልሲ ውስጥ ብረት ይዘህ እንደ ቆሰለ ዶሮ ስትሄድ የማያይህ ሰው ዓይኑ የጠፋ ነው። ጠርቼ ላስጥልህ መስኮቱን ከፈትኩ። ከኋላዬ እትዬህ ክሩን ልትሰካ ስትሞክር ነበር። መስኮቱን መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ አንድ ነገር ብቻ እንደረሳህ አወቅሁ። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ አብረን እንወጣለን ብያለሁ። እኔ ሐምሌ አንድ የምወጣ ከሆነ እነሱም ሐምሌ አንድ ይወጣሉ። ብለምናቸው እንቢ ይላሉ፣ ብነግራቸው ይኮራሉ። ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ምሳ ሰዓት ላይ ራዲዮን «ሥራ አስኪያጁ ንግግርህን ሊሰማ ይፈልጋል» አልኩት። ሮጠ። ሙሽራውን «ሱፍህ ላይ ግሪስ ነጠበ» አልኩት። እሱ ደግሞ በረረ። ሁለቱ መፍቻዎች ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ገቡ።

ሰኔ ሠላሳ ሠራተኛው ቆሞ፣ ማኅተም መቁጠር ጀመረ። የእኔ ሲጎድል ራዲዮ «አንድ ቀን አንጠብቅህም እንዴ፣ አንተ ሽማግሌ» ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። በዚህ ጊዜ የእሱ ገና አልተቆጠረም ነበር። ስማኝ፣ ፌንጣ፤ የራሱ እንደጎደለ ሳያውቅ ነው እንደዚያ ያለኝ። ለካ ብጠይቃቸው ኖሮ ይቆዩልኝ ነበር። ይህን ሳስብ መፍቻዎቹ ምሳ ዕቃው ውስጥ የጮኹ መሰለኝ።

በማግስቱ ጥቅልህን ፖስታ ቤት ተቀብዬ ከፈትኩና ሁለቱን ጨመርኩበት። ስምህ ከዚያ በታች አይወርድም ብለህ ጽፈህልኝ የለ። ወረደ። ሙሽራው ያንኑ ሱፍ ሁለት ቀን ለበሰው፤ ሁለት ጊዜ ተጨበጨበለትና ከእኛ ሁሉ የተደሰተው እሱ ነው። ራዲዮ ንግግሩን ዳር አደረሰ።

ገንዘቡ የገባ ቀን ሁለቱን ቤት ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ራዲዮ የግብሩን ወረቀት አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። ከዚያ የቢሮህን አድራሻ እንደገና ጠየቀኝ። ሊደበድብህ አይደለም፤ የእሱን ገንዘብ እንዴት እንደሚያስቀምጥ አለቃህን ሊጠይቃት ነው። ትርፍ ጎማውን፣ ቀስ የሚለውንና የማይከፈተውን ሞተር ነግሬዋለሁ፤ ከእኔ ሲሰማው አላመነም። ለማኅተምም እውነቱን ነገርኩት፤ ቀዩን ስም ሰርዞታል። እየሳቀ አልነበረም፤ ግን ሰርዞታል። ስለዚህ ሥራህን ያዝ፤ ወድጄዋለሁ ያልከውንም ለእትዬህ ብቻ ነው የነገርኳት።

የስፌት መኪናው ትናንት ተሸጠ። እትዬህ እስከ በሩ ሸኘችው፤ ስትመለስ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረችና ምንም ሳትሠራ ተቀመጠች። ከዚያ በፊት የመጨረሻ ሥራዋን ጨርሳ ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክንልህ ለቢሮ የሚሆን ሱሪ እሱ ነው፤ ክሩን የሰካሁት እኔ ነኝ።

በችኮላ እንዳትለብሰው።

ጋሼህ